«ይሄ ነው እንዴ የሚያስፈራው?» በሃሎዊን ሰሞን የድሮ ሆረር ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ኦክቶበር ሲገባ፣ ወሩ መጨረሻ ላይ የሚውለው የሃሎዊን በዓል ሲቃረብ፣ ቴሌቪዥኑ መልኩን ይቀይራል። ቲሲኤም የሚባለው ጣቢያ የድሮዎቹን ሆረሮች (አስፈሪ ፊልሞች) ያለ ማስታወቂያ ያሳያል። ኤኤምሲ የሚባለው ጣቢያ ደግሞ «ፊርፌስት» ብሎ ፊልም በፊልም ላይ ይደራርባል። ቅዳሜ ማታ ሚቲቪ በሚባለው ጣቢያ ላይ ስቬንጉሊ የሚባለው አቅራቢ ከሬሳ ሣጥን እየወጣ ይቀልድና አንድ የድሮ ፊልም ይጋብዛል። ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1957 የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ 52 የቆዩ ፊልሞች «ሾክ» በሚል ጥቅል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ። «ድራኩላ»ና «ፍራንከንስታይን» በየሰው ሳሎን የገቡት ያኔ ነው።

ታዲያ ስንቱ ነው ከሥራ መጥቶ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ፣ ሃያ ደቂቃ አይቶ፣ «ይሄ ነው እንዴ የሚያስፈራው?» ብሎ ቻናል የሚቀይረው! እውነት ለመናገር አንዳንዶቹ ዛሬ አያስፈሩም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፊልሙን የምናበላሸው እኛው ነን።

ስሙን ብቻ አይቶ ሪከርድ ማድረግ

ፊልም ሠሪዎች አንድን ስም ደጋግመው መጠቀም ይወዳሉ። «ኖስፌራቱ» የ1922 አለ፣ የ1979 አለ፣ የ2024ም አለ። የ1932ቱ «ዘ ማሚ» ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ቀስ ብሎ የሚያስፈራበት ፊልም ነው። የ1999ኙ ሩጫና ሳቅ የበዛበት የጀብዱ ፊልም ነው። «ሃሎዊን» ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት በ1978፣ በ2007 እና በ2018 ወጥቷል። የ2018ቱ የ1978ቱ ቀጣይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሳያዩ እሱን መጀመር ከመሃል እንደመግባት ነው። ሪከርድ ከማድረጋችሁ በፊት ከስሙ ጎን ያለውን ዓመት እዩ፣ በቃ። በነገራችን ላይ የ1982ቱ «ሃሎዊን 3» ታሪክ ውስጥ ጭንብል ለባሹ ገዳይ ማይክል ማየርስ የለም። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስትሉ ፊልሙ ያልቃል።

እኩለ ሌሊትን ከቀጣዩ ማታ ጋር ማምታታት

ይሄኛው በተለይ እኛን ያስታል። በእኛ ልማድ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው። የእነሱ ፕሮግራም ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይለውጣል። «ኦክቶበር 31፣ 12:15 ኤኤም» የሚል ካያችሁ ፊልሙ የሚተላለፈው ለ31 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ነው። የሃሎዊን ዕለት ማታ ፋንዲሻ ይዛችሁ ብትቀመጡ አልፏችኋል። ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደግሞ የተጻፈው ሰዓት የምሥራቁ ይሁን የከተማችሁ አጣሩ። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ቴሌቪዥኑን ከሱቅ እንደመጣ መተው

የ30ዎቹና የ40ዎቹ ፊልሞች ምስላቸው ካሬ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። በዛሬው ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ብዙ ሰው «ስክሪኑ አልሞላም» ብሎ በሪሞት ይለጥጠዋል። ያኔ ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ፊቱ ይነፋና ድራኩላ መሆኑ ቀርቶ ምሳውን በደንብ የበላ ዳቦ ጋጋሪ ይመስላል። ዙም ካደረጋችሁት ደግሞ ከላይና ከታች ይቆረጣል። የሉጎሲ ግማሽ ትወና ያለው እጁ ላይ ነው፤ እጁ ተቆርጦ ምን ታያላችሁ?

ሁለተኛው ጣጣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ሴቲንግ ነው። ስሙ በየብራንዱ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ «ሞሽን» የሚል ቃል አለበት። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በመሃል የራሱን ምስል እየፈጠረ ይሰገስጋል። የተረገመው ቤተ መንግሥት የቀን ሰዓት ድራማ ስቱዲዮ መስሎ ቁጭ ይላል። አጥፉት። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ካለው እሱን ምረጡ።

ከሁሉም በላይ ግን መብራት! በ1978ቱ «ሃሎዊን» ውስጥ ገዳዩ የሚያሳድዳት ሎሪ ከአንድ ክፍል በር አጠገብ ቆማ እያለቀሰች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከኋላዋ ያለው በር ክፍት ነው፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ። ድንገተኛ ጩኸት የለም። ከጨለማው ውስጥ ነጩ ጭንብል ቀስ፣ ቀስ እያለ ይገለጣል። ዓይን ጨለማ ሲለምድ እንደሚሆነው። የሳሎኑ መብራት በርቶ፣ የስክሪኑ ብርሃን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስታዩት ወይ ጭራሽ አይታይም፣ ወይ ከመጀመሪያው ይታያል። በሁለቱም መንገድ ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር የለፋበት ሁሉ ገደል ገባ። ያንን ጭንብል ሱቅ ውስጥ በርካሽ እንደገዙት ታውቃላችሁ? የ«ስታር ትሬክ»ን ካፒቴን ከርክን ፊት የሚያሳይ ጭንብል ነበር። ነጭ ቀለም ቀብተው ዓይኑን አሰፉት። ታሪኩ ኢሊኖይ በበልግ ነው ይባል እንጂ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ በጸደይ ስለሆነ የደረቀ ቅጠል እንኳ ቀለም ተቀብቶ ነው የተበተነው። አንዳንድ ቦታ ከኋላ የዘንባባ ዛፍ ይታያል። እሱን ፈልጋችሁ ሳቁ፤ ግን ለሁለተኛ ዙር አቆዩት።

ያገኙትን ቅጂ ማየት

ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በፔንሲልቬንያ በትንሽ ገንዘብ ሠራ። የፊልሙ ስም በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር አከፋፋዩ አዲሱ የርዕስ ምስል ላይ የባለቤትነት መብት ምልክቱን ሳያስገባ ቀረ። በጊዜው ሕግ ይህች ብቻ መብቱን ለማጣት በቂ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ የሁሉም ሆነ። ማንም ጣቢያ በነፃ ያሳየዋል፣ ማንም ቀድቶ ይሸጠዋል። ፊልሙን ዝነኛ ያደረገውም ያበላሸውም ይሄው ነው። የቅጂ ቅጂ ሲቀዳ ፊት ነጭ ጥፍጥፍ ይሆናል፣ ጨለማው ወደ ግራጫ ጭቃ ይለወጣል። ቀለም የተቀባ ቅጂም አለ፤ እሱንስ ተዉት። በ2016 ከዋናው ኔጋቲቭ ታድሷል። ያንን እዩ። ሌላ ፊልም ያያችሁ ነው የሚመስላችሁ።

«ኖስፌራቱ» ላይ ደግሞ መጥፎ ቅጂ ታሪኩን ራሱን ያፋልሳል። የ1922ቱ የጀርመን ፊልም የተሠራው ከድራኩላ ደራሲ ቤተሰብ ሳይፈቀድ ነው። የብራም ስቶከር ሚስት ከሳ አሸነፈች፤ ፍርድ ቤቱም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዘዘ። የተረፉት በየአገሩ ተበታትነው ነው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ በካሜራ ሌሊት መቅረጽ ከባድ ስለነበር የሌሊቱን ክፍል በጠራራ ፀሐይ ቀርጸው ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም ይነክሩት ነበር። ሰማያዊው ሌሊት ነው። ቀለሙ የሌለበት ቅጂ ላይ ግን ደም መጣጩ የገዛ ሣጥኑን ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ሲንጎማለል ታያላችሁ። የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ይገድለዋል! ተመልካቹ «ምን ዓይነት የማይረባ ታሪክ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሰማያዊና ቢጫ እየቀያየረ የሚሄደውን የታደሰ ቅጂ ፈልጉ።

ዝምታውን እንደ ጉድለት መቁጠር

የ1931ዱ «ድራኩላ» መጀመሪያ ላይ የቻይኮቭስኪን «ስዋን ሌክ» ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ድምፅ ያለው ፊልም ገና አዲስ ነበር። ሰው እዚህ ጋ ነው ስልኩን የሚያነሣው። አታንሡ። የበር መንቋረር፣ የተኩላ ጩኸት፣ የሉጎሲ ቀርፋፋ አነጋገር የሚሠራው ዝምታ ውስጥ ነው። ያው ፊልም በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው መድረክ፣ ሌሊት ሌሊት በሌሎች ተዋንያን በስፓኒሽ ተሠርቷል። በካሜራ አያያዝ የስፓኒሹ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሉጎሲን የሚተካ ግን የላቸውም።

ዝምታ እንዴት እንደሚያስፈራ በደንብ የሚያሳየው የ1942ቱ «ካት ፒፕል» ነው። አንዲት ሴት ሌሊት በፓርክ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት የጫማ ድምፅ ቋ፣ ቋ ይላል። ድንገት ይቆማል። ትዞራለች፤ ማንም የለም። እርምጃዋን ታፈጥናለች፣ ከዚያ ትሮጣለች። ሊመጣ ያለውን ስትጠብቁ ከጎን እንደ አውሬ የሚያጓራ ነገር ዘው ይላል። አውቶብስ ነው። የዛሬ ሆረሮች በየአሥር ደቂቃው የሚያስደነግጡን ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው። ድምፁን ቀንሶ፣ ከሰው ጋር እያወሩ ያየ ሰው አውቶብስ መጣ ብሎ ያልፈዋል።

ከመሃል መጀመር

ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር። ምክንያቱን ያላያችሁት ስላላችሁ አልናገርም። ከመጀመሪያው ደቂቃ እዩት።

«ጥቁርና ነጭ ነው፣ ልጆቹ ይዩት»

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የወጣው በኦክቶበር 1968 ነው። የአሜሪካ የፊልም የዕድሜ ደረጃ ሥራ የጀመረው በኖቬምበር ነው። በዚያች ክፍተት ልጆች ከሰዓት በኋላ ገብተው አይተውታል። የሰው ሥጋ የሚበላበት ፊልም ነው፤ መጨረሻውም ለአዋቂ ይከብዳል። ቀለም መለኪያ አይደለም። ሲጀመር ጥግ ላይ የሚወጣውን «ቲቪ-14» እና መሰል የዕድሜ ምልክት እዩ። ለልጆች የ1948ቱ «አቦት ኤንድ ኮስቴሎ ሚት ፍራንከንስታይን» ይሻላል። ኮሜዲ ነው፣ ጭራቆቹ ግን የምር ናቸው። ሉጎሲ ድራኩላን በፊልም ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው እዚያ ነው።

የልጆችን ካነሣን የእናቶችንም እናንሣ። «ዘ ኤክሶርሲስት» የሚተላለፍ ከሆነና ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እናት ሳሎን ካሉ ሌላ ቀን አድርጉት። ፈረንጅ የጋኔን ማስወጣት ታሪክን እንደ ተረት ያየው ይሆናል። ጠበል ቦታ ያደገ ሰው ግን ተረት ነው ብሎ አያየውም። ሌሊቱን ሙሉ ጸሎት ይሆናል፣ እናንተም አትተኙም።

ከአዲሱ ጀምሮ ወደ ድሮው መሄድ

በአንድ ማታ ሁለት ፊልም ለማየት ካሰባችሁ የድሮው ይቅደም። ዓይን ከፍጥነት ወደ ዝግታ ሲመለስ ያኮርፋል። ጊዜ አይበቃም እንዳትሉ፤ የ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» 70 ደቂቃ ብቻ ነው። የ1935ቱ «ብራይድ ኦፍ ፍራንከንስታይን» 75 ደቂቃ ነው፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሁለቱ ተደምረው ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጡም። የመጀመሪያው ሲከፈት የተዋንያኑን ዝርዝር እዩት። ጭራቁ የሚለው አጠገብ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ጭራቁን የተጫወተው የካርሎፍ ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው፤ ቶሎ አትዝጉት።