የበሰበሰ የበረንዳ መደገፊያ እንጨት አጠጋገን

የበረንዳ መደገፊያ መሃሉ ላይ ብዙም አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ከጫፉ፣ ከመጋጠሚያውና ብሎን ከገባበት ነው፤ ውሃ የሚሰርገው በዚያ ነውና። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ ሥራውን ክረምቱ ወጥቶ እንጨቱ ሲደርቅ ጀምሩ።

በቀጭን ካቻቢቴ ውጉት። ያለ ጉልበት 5 ሚሊ ሜትር ከገባ በስብሷል፤ ቀለም አያድነውም። ከብስባሹ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፋችሁ ጤነኛው ላይ ቁረጡ። መቀጠያውን ግን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ የእንጨት ጫፍ ኮላን ስለሚመጥ ሰው ሲደገፈው ይለቃል። ሰያፍ ይሁን፦ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 32 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ከተቻለም ቋሚ ላይ ይረፍ።

ለምትኩ የደረቀ የሐበሻ ጥድ ከተገኘ እሱን ምረጡ፤ ብስባሽንም ምስጥንም ይቋቋማል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል።

ብዙ ሰው የሚዘለው የብሎኑን ቀዳዳ ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ10 ፑንታ ብሱ፣ ባለሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ ሙጫ ሙሉበት፣ ሲጠነክር መሃሉን በ6.5 ድገሙት። ያኔ ብሎኑ እንጨቱን አይነካም፤ ውሃ ቢገባም አይሰርግም። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ ስለማይጠነክር በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጩ እንደለቀቀ ሥሩ፤ ማታው ሳይበርድ ይያዝ። ብሎኑና ሮንዴላው ዚንክ የተቀባ ይሁን።

በ80፣ ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ለቤት ውጭ የሚሆን ቫርኒሽ 3 ጊዜ ቀቡ፣ በየመሃሉ በ220 እያሻችሁ። የታችኛው ፊትና ጫፎቹ አይረሱ፤ ጫፎቹ አንድ ዙር ይጨመርላቸው።