አልፋ ብሎከር ሲታዘዝልዎ፦ የመጀመሪያዋን ኪኒን እንዴት ይጀምሯታል?

አልፋ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች የደም ሥርንና የፊኛን አንገት አጥብቆ የሚይዘውን ጡንቻ ያላላሉ። ጥቅማቸውም ጣጣቸውም ከዚሁ ነው፤ ሽንት ይከፈታል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ከልክ በላይ ሲወርድ ደግሞ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ከነዚህ አንዱ የሆነው ታምሱሎሲን በአብዛኛው የሚታዘዘው ፕሮስቴታቸው አድጎ ሽንት ለሚያስቸግራቸው ወንዶች ነው። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የኩላሊት ጠጠር ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ታችኛው ክፍል ላይ ሲቆምም ይሰጣል። ዶክሳዞሲን፣ ቴራዞሲንና ፕራዞሲን ግፊትንም ያወርዳሉ፤ ለግፊት ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። ኦልሃት በተባለው ትልቅ ጥናት ዶክሳዞሲን የሚወስዱት ክሎርታሊዶን የተባለውን ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት በእጥፍ ገደማ በልብ ድካም ስለተያዙ፣ የዶክሳዞሲኑ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋርጧል።

አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዋ ኪኒን ነው። ዶክሳዞሲንም ቴራዞሲንም በ1 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ያውም አልጋ ላይ ሊወጡ ሲሉ። ችግሩ፣ ፕሮስቴቱ ያደገበት ሰው ሌሊት ለሽንት ይነሣል፤ መድኃኒቱ የሚበረታውም በነዚያው ሰዓታት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ፖፖ አልጋው አጠገብ ያስቀምጡ። ሲነሡ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ግድግዳ ይዘው ይቁሙ። ቆሞ መሽናት ለጊዜው ይቅር። ዓይንዎ ከጨለመ ወዲያው ጋደም ብለው እግርዎን ከፍ ያድርጉ። መጠኑም በተጨመረ ቁጥር እንዲሁ ይጠንቀቁ፤ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት መኪና አይንዱ።

ታምሱሎሲን ግፊትን ብዙም አይነካም፤ መጠኑም በቀን አንዴ 0.4 ሚሊ ግራም ነው። በየቀኑ ከዚያው ከአንዱ ማዕድ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከራት፣ በኋላ 30 ደቂቃ ቆይተው ይውሰዱ፤ እንክብሉን አይክፈቱት፣ አያኝኩት። በባዶ ሆድ ሲዋጥ በደም ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን ከ40 እስከ 70 በመቶ ስለሚጨምር ያዞራል። ጾመኛ ከሆኑ ከጾም መፍቻው ምግብ በኋላ ያድርጉት።

አንድ ቀን ቢረሱ በማግሥቱ ሁለት አይዋጡ። ዶክሳዞሲን ወይም ቴራዞሲን አልቆብዎ ለብዙ ቀናት ከተቋረጠ ግን ቀድሞ ወደነበሩበት 4 ወይም 8 ሚሊ ግራም በቀጥታ አይመለሱ። ሰውነት መላመዱን ስለሚረሳ እንደገና ከ1 ነው የሚጀመረው፤ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አፍንጫ መደፈን፣ ራስ ምታትና ድካም የተለመዱ ናቸው። ታምሱሎሲንና በተለይ ሲሎዶሲን የተባለው ሌላው አልፋ ብሎከር በግንኙነት ጊዜ የዘር ፈሳሽን ያሳንሳሉ ወይም ጭራሽ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። አይጎዳም፣ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል፤ ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ ግን አይፈሩ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። ቪያግራም ከታሰበ መጀመሪያ አልፋ ብሎከሩ ይስማማዎ፣ ከዚያ በ25 ሚሊ ግራም ይጀመር፤ ሁለቱም ግፊት ያወርዳሉና። ከ4 ሰዓት በላይ የማይበርድ የብልት መቆም ካጋጠመ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካለብዎ፣ ታምሱሎሲን ካቆሙ ቢቆዩም እንኳ ለዓይን ሐኪሙ ይናገሩ፤ የዓይን ብሌን ዙሪያው ላልቶ ቀዶ ሕክምናውን ያስቸግራል። በራስዎ ማቆሙ ችግሩን አያስቀርም።

መድኃኒቱ ፕሮስቴቱን አያሳንሰውም፣ መተላለፊያውን ብቻ ያላላል፤ የሚያሳንሰው ፊናስቴራይድ የተባለ ሌላ መድኃኒት ነው፤ እሱም ወራት ይወስዳል። ጫት እና ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ደግሞ የፊኛውን አንገት መልሰው ያጠብቃሉ፤ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ሽንት ከከበደ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። ሽንት ጨርሶ ከዘጋና ሆድ ከተነፋ ግን ተጨማሪ ኪኒን አይዋጡ፤ ወዲያው ጤና ተቋም ሄደው በቱቦ ይውጣልዎ።