የድሮ ፎቶ ስታድሱ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

የድሮ ፎቶ ማደስ ሥራዬ ነው። ሰሞኑን የሚመጡልኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ አስቀድመው በስልክ አፕ «ታድሰው» የመጡ ናቸው። ዋናው የት አለ ስል፣ «እሱማ ተበላሽቶ ስለነበር ጣልነው» የሚለኝ አለ። በጣም ያሳዝነኛል።

ከሁሉም የሚብሰውን ላስቀድም፤ የሰውን መልክ እንደ ቆሻሻ ማጽዳት። በቅርቡ አንዲት ልጅ የአያቷን ፎቶ ላከችልኝ። ፊቱ ጥርት ያለ፣ ቆዳው ልስልስ ያለ ነው። ዋናውን አስመጥቼ ሳየው እማማ አንገታቸው ዙሪያ ንቅሳት አላቸው፤ ግንባራቸው ላይም መስቀል። አፑ አንዱንም አላስቀረም። ለእሱ ንቅሳትና የሻጋታ ነጥብ ልዩነት የላቸውም። ጠይም የነበሩትንም ሴት ቀይ አድርጓቸዋል። ልጅቷ አያቷን በአካል አላየቻቸውም። ያንን ፎቶ አሳትማ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው፣ ልጆቿ «ቅድመ አያታችን» የሚሉት ኖረው የማያውቁ ሴትዮ ይሆናሉ!

ስለዚህ አደራ፤ ንቅሳት፣ ማርያም የሳመችው፣ የፈንጣጣ ጠባሳ አይነካም። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በተነሡ ፎቶዎች ላይ ጠባሳው የዚያ ሰው ሕይወት ነው። ጉዳቱን ከመልኩ እንዴት ልለየው ለምትሉ፣ ፎቶውን ወደ መስኮት ብርሃን ወስዳችሁ ጋደል አድርጉት። ስንጥቅና ጭረት ላዩ ላይ ብልጭ ይላል፤ ከጀርባው መጋረጃ ተነሥቶ ፊቱን አቋርጦ ያልፋል። የሰውየው ምልክት ግን የጉንጩን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። ካልለየላችሁ ሌላ ፎቶ ፈልጉ፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ጠይቁ።

የማኅበር ፎቶ ላይ ምስር የምታህል ፊት አጉልታችሁ «አጥራልኝ» አትበሉ። ፎቶው ላይ ያልተቀረጸ ዓይን ከየትም አይመጣም፤ አፑ ከሌሎች ሰዎች ፊት የተማረውን ነው የሚሞላላችሁ። ብዥ ብሎ ይቅር።

ቀለም መቀባትም እንዲሁ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የነጠላው ጥለት ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይነግራችሁም። እንዲያውም በጥንቶቹ የካሜራ ፊልሞች ቀይ ነገር ጠቁሮ ነበር የሚወጣው። የግድ ቀለም ካስፈለገ ዘመድ ጠይቃችሁ ሌላ ኮፒ ላይ ሥሩት፤ ቀለሙ አሁን የተጨመረ መሆኑንም ጻፉበት። የድሮ ፎቶ ቤቶች በእጅ የቀቡትን ቀለም ግን አታጥፉ። እሱ የዋናው ፎቶ አካል ነው።

ለለቅሶ የሚመጣው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሟች ብቸኛ ፎቶ መታወቂያ ላይ የተለጠፈ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ጥጉ ላይ ማህተም ያረፈበት። ቤተሰቡ ማህተሙ ጠፍቶ፣ ኮት ለብሶ፣ ትልቅ ሆኖ ይፈልገዋል። እኔ እሠራዋለሁ፤ ሐዘንተኛን እንቢ የምልበት አንጀት የለኝም። ያልተነካውን ስካን ግን ለብቻው አስቀምጬ እሰጣቸዋለሁ። ለጉርድ ፎቶ ስካኑን 1200 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መጠን ነው) አድርጉት፤ ለተለመደው የአልበም ፎቶ 600 ይበቃል።

በምራቅ ወይም በእርጥብ ሶፍት አትጥረጉ። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ነው፤ ውኃ ሲነካው አብጦ ይላጣል። ፍሬም ውስጥ ከመስታወት ጋር የተጣበቀም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አትላጡት፣ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። ፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔት በፍጹም።

ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ጽሑፉ ላይ 1955 የሚል ካለ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስቡ። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች እንዳለ ወስደው ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉት ታሪኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የፎቶ ቤቱን ማህተምም ለውበት ብላችሁ አትቁረጡ። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት ፎቶ አንሺዎች፣ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ ያነሡትን ፎቶ ከሌላው የምንለየው አንዱ በዚህ ነው።

ለሰብሳቢ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የነካችሁትን ሁሉ መናገር አለባችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስሙ የገነነው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ (ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት፣ የተጫዋች ምስል ያለበት ትንሽ ካርድ) እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ነጋዴው ቢል ማስትሮ ቀደም ሲል የካርዱን ጠርዝ እንደቆረጠና ይህን ሳይናገር እንደሸጠው እ.ኤ.አ. በ2013 አመነ። እኛ ጋ ደግሞ ከስካን የታተመ አዲስ ፎቶ ሻይ ተነክሮ፣ ጥጉ ተሸራርፎ «የጃንሆይ ዘመን ኦሪጂናል» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ይህ ማታለል ነው። አዲስ ስታትሙ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ የታተመበትን ዓመትና ምን እንደተነካካ ጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።