ሃይፋን ከላይ ወደ ታች፦ አትክልቱንና ባሕሩን በአንድ ቀን እንዴት ማየት ይቻላል?

ሃይፋ ሄዶ "እግሬን ጨረሰችኝ" እያለ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ከታች ይጀምራል። ይህች የእስራኤል ከተማ የካርሜል ተራራ ላይ ተለጥፋ እግሯን ሜዲትራኒያን ውስጥ የነከረች ናት። ዘዴው ታዲያ ቀላል ነው። ጠዋት ተሳፍራችሁ አናቱ ላይ ውጡ፣ ቀኑን ሙሉ ውረዱ፣ ማታ ባሕሩ ዳር ጨርሱ።

እኔም ተሞኝቼ ነው የተማርኩት። በሐምሌ ሐሩር አክስቴን ይዤ ከታች፣ ከጀርመን ሰፈር ሽቅብ ጀመርኩ። ተራራው ላይ በእርከን የተሰራው የባሃኢ ሃይማኖት አትክልት የታችኛው በር የሚያስገባው ጥቂት እርከን ብቻ መሆኑን ያወቅሁት በሩ ላይ ቆሜ ነው። በመንገዱ ዞረን ስንወጣ አክስቴ በነጠላዋ ላቧን እየጠረገች "ልጄ፣ ሰሜን ተራራ እንኳ እንዲህ አላደረገኝም" አለችኝ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ይሻላል። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር የለም። ሃይፋ ግን ከብዙዎቹ የእስራኤል ከተሞች በተለየ ሻባት (በአይሁድ ሰንበት) ላይም የሚሄዱ አውቶቡሶች ስላሏት እዚያው ላለ ሰው ችግር የለውም። የባሃኢ አትክልት በዮም ኪፑር (በአይሁድ የስርየት ቀን) እና በባሃኢ በዓላት ስለሚዘጋ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን አይታችሁ የዕለቱን ሰዓት አረጋግጡ።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ የዋና ልብሱ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ኮፍያና ውኃ አትርሱ። አትክልቱ ውስጥ ከውኃ በቀር የሚበላም የሚጠጣም አይፈቀድም። ማስቲካም ቢሆን!

ከዚያ ወደ ላይ ውጡ

በባቡር ከመጣችሁ ሃይፋ መርካዝ ሃሽሞና ውረዱና ወደ ፓሪስ አደባባይ በእግር ሂዱ። እዚያ ካርመሊት አለች፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሥራ የጀመረች፣ ተራራውን ከውስጥ ሰንጥቃ የምትወጣ የምድር ውስጥ ባቡር። ያላት ስድስት ጣቢያ ብቻ ነው። መድረኩ እንደ ደረጃ ተሰርቷል፣ ፉርጎውም ዘንበል ያለ ነው፤ ልጆች ካሉ ይሄ ራሱ አንድ ጨዋታ ነው።

የመጨረሻው ጣቢያ ጋን ሃኤም ይባላል፣ "የእናት አትክልት" እንደ ማለት። ስትወጡ የሚቀበላችሁ ጥላ የበዛበት የሕዝብ መናፈሻ ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። ትንሿን የእንስሳት ማቆያ ለማየት ግን ይከፈላል። ቡናችሁን እዚህ አካባቢ ጠጡ፣ ወደታች ውድ ነው።

አትክልቱን አትቸኩሉበት

ከጋን ሃኤም ጥቂት ተራምዳችሁ የፌ ኖፍ ጎዳና ላይ ትደርሳላችሁ። በጎዳናው ዳር የሉዊ መንሸራሸሪያ የሚባል የእግር መንገድ አለ። ወደቡ፣ የባሕር ሰላጤው፣ ማዶ የአኮ ከተማ፣ ሰማዩ ከጠራም የሄርሞን ተራራ ይታያል። ፎቶ የሚነሳው እዚህ ነው።

የባሃኢ አትክልት 19 እርከን ነው። ዘጠኙ ከላይ፣ ዘጠኙ ከታች፣ መሃል ላይ ደግሞ ወርቃማ ጉልላት ያለው የባብ መቃብር። ባብ በ1850 ታብሪዝ ላይ የተገደለ የፋርስ ተወላጅ የሃይማኖት መሪ ነው፤ አጽሙ እዚህ ያረፈው በ1909 ነው። ጉልላቱ በ1953 ተጠናቀቀ፣ በ2011 ሲታደስ ከ11,000 በላይ ወርቅ የተቀቡ ሸክላዎች ለበሰ። እርከኖቹን የነደፈው ኢራን የተወለደው አርክቴክት ፋሪቦርዝ ሳህባ ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈቱት በ2001 ነው። ከ2008 ጀምሮ ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እርከኖቹን ከላይ መውረድ የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ጉብኝቱ በነጻ ነው፣ የሚነሳውም ከየፌ ኖፍ በኩል ነው። ደረጃው ብዙ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከላይ ሆኖ ቢያይ ይሻለዋል። ስትወርዱ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በደረጃው ግራና ቀኝ ቀጭን የውኃ ቦይ ይወርዳል። የመኪናው ጡሩምባ እዚያው አጠገባችሁ ሆኖ ጆሯችሁ የሚሰማው ውኃውን ነው። ሆን ተብሎ የተሰራ ነው። አክስቴ ግን ያስገረማት ሣሩ ነበር። "ይሄን ማን አጨደው? በመቀስ ነው እንዴ?" አለች።

መቃብሩ ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ጠዋት ድረሱ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ6 ሰዓት በፊት። እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፣ ውስጥ ፎቶ አይነሳም፣ ድምፅም አይሰማም።

ምሳ፣ ከዚያ ባሕር

ከአትክልቱ ሥር የጀርመን ሰፈር ይጀምራል። ቴምፕለር የሚባሉት ጀርመኖች ከ1868 ጀምሮ የሰሩት ነው፤ ቀይ ጣራ ያላቸው የድንጋይ ቤቶቻቸው ዛሬ ምግብ ቤት ሆነዋል። አንዴ ዋጋ ሳልጠይቅ ተቀምጬ ኪሴ ተራቁቷል። ሜኑውን ቆማችሁ አንብቡ።

ከዚህ ሜትሮኒት የሚሉትን ረጅም አውቶቡስ ይዛችሁ ወደ ሆፍ ሃካርሜል ሂዱ። የካርሜልና የዳዶ ባሕር ዳርቻዎች ሰፊ አሸዋ አላቸው፣ መግቢያቸውም ነጻ ነው። በወንድ ፊት መዋኘት የማይመቻቸው እናቶች ካሉ ደግሞ ባት ጋሊም አቅራቢያ ሆፍ ሃሻኬት አለ፤ የሴትና የወንድ ቀን ተለይቶለታል። ቀኑን በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ አንብቡ።

ውኃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባንዲራውን እዩ። ነጭ ከሆነ ግቡ። ቀይ አደገኛ ነው። ጥቁር ከሆነ መዋኘት ክልክል ነው፣ "እግሬን ብቻ" ማለትም አያዋጣም። የሕይወት አድን ሠራተኛ የሌለበት ቦታ በጭራሽ አትግቡ። የባሕሩ ጅረት ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ በቀጥታ ወደ ዳር አትታገሉ፣ ጉልበት ይጨርሳል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ከጅረቱ ስትወጡ ወደ አሸዋው ተመለሱ። ልጅ ስልክ ላይ ሆኖ አይጠበቅም። ማማው ላይ ያለው ሰው በድምፅ ማጉያ "አንተ ሰማያዊ ቁምጣ፣ ተመለስ!" ብሎ በሰው ፊት ሲጮህባችሁ አትቀየሙት፣ ሥራው ነው።

ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሜዱዛ (ጄሊፊሽ የሚሉት የሚናደፍ የባሕር እንስሳ) ይመጣል። ከነደፋችሁ አትሹት፣ በባሕር ውኃ እጠቡት፣ የቧንቧ ውኃ አታድርጉበት። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያው ሐኪም ጋ። እግራችሁ ሥር ጥቁር ሬንጅ ከተለጠፈ ደግሞ ሳሙና አይነካውም፤ ትንሽ የምግብ ዘይት ይበቃዋል።

በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ ያውም ፊት ለፊታችሁ ባሕሩ ውስጥ። የሆፍ ሃካርሜል ባቡር ጣቢያ ከአሸዋው ብዙም ስለማይርቅ መቸኮል አያስፈልግም። አክስቴ ያን ቀን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ቆመች። ሁለት ባቡር አመለጠን።