ፖስትፊክስ አድራሻን ከኤልዳፕ ሲፈልግ፦ ችግርና መፍትሄ

ፖስትፊክስን (የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም) ከኤልዳፕ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎች ስምና አድራሻ የሚቀመጥበት መዝገብ) ጋር ስታገናኙ ደብዳቤ መግባት ካቆመ፣ ከሁሉ በፊት ለላኪው የተመለሰውን ቁጥር እዩ። 451 ከሆነ ፖስትፊክስ ዳይሬክተሪውን መጠየቅ አልቻለም ማለት ነው፤ ችግሩ ግንኙነቱ፣ ፓስወርዱ ወይም ሰርተፍኬቱ ላይ ነው። 550 ከሆነ ግን ጠይቆ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ተብሏል፤ ኔትወርኩን ተዉትና ማጣሪያውን (ሰውየው በምን መስክ እንደሚፈለግ የሚወስነውን የኮንፊግ መስመር) መርምሩ። 451 ሲሆን የላኪው ሰርቨር ቆይቶ ደግሞ ስለሚሞክር ፋታ አላችሁ። 550 ሲሆን ደብዳቤው ወዲያው ስለሚመለስ ፋታ የለም።

መመርመሪያው ከፖስትፊክስ ጋር የሚመጣው ፖስትማፕ የተባለ ትዕዛዝ ነው። «ፖስትማፕ -ኪው» ብላችሁ አድራሻውን፣ ከዚያ «ኤልዳፕ:» እና የኮንፊግ ፋይሉን ሙሉ መንገድ ጻፉ። መልስ ካተመ ፍለጋው ሠርቷል። ምንም ሳያትም በመውጫ ኮድ 1 ካበቃ ሰውየው አልተገኘም። ማስጠንቀቂያ ካወጣ ደግሞ የስህተቱ ቁጥር እዚያው አለ። የኤልዳፕን ፋይል እንደ ሃሽ ቴብል (ፖስትፊክስ አድራሻ የሚፈልግበት፣ አስቀድሞ የሚገነባ ፋይል) በፖስትማፕ መገንባት አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ከልማድ ይገነባዋል፣ የሚፈጠረውን ፋይል ግን ማንም አያነበውም። የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ «ፖስትፊክስ ሪሎድ» ማለት ነው፤ አለበለዚያ እየሠሩ ያሉት ፕሮሰሶች በአሮጌው ኮንፊግ ይቀጥላሉ።

ሎጉ ኤልዳፕ የሚባል የቴብል ዓይነት አላውቅም ይላል

የኤልዳፕ ድጋፉ አልተጫነም። «ፖስትኮንፍ -ኤም» የሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ኤልዳፕ ከሌለ፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ «ፖስትፊክስ-ኤልዳፕ» የተባለውን ፓኬጅ ጫኑ።

ስህተት 49

ሰርቨሩ መግቢያ ስሙን ወይም ፓስወርዱን አልተቀበለም። ፓስወርዱ ትክክል ነው ብላችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁ «ባይንድ_ፒደብሊው» የሚለውን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ፓስወርዱን በትምህርተ ጥቅስ ከከበባችሁት ፖስትፊክስ ጥቅሱንም የፓስወርዱ አካል አድርጎ ይልከዋል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ በሃሽ ምልክት የተጻፈ ማስታወሻም እንዲሁ ነው፤ ማስታወሻ የሚቆጠረው ራሱን የቻለ መስመር ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው። በባዶ ቦታ የጀመረ መስመር ደግሞ የበላዩ ቀጣይ ተደርጎ ይነበባል።

ስህተት 2

ሰርቨሩ አሮጌውን የፕሮቶኮል ቨርዥን አይቀበልም። የፖስትፊክስ ነባሪ 2 ስለሆነ «ቨርዥን = 3» ብላችሁ ጨምሩ። ስታርት-ቲኤልኤስም (ተራውን ግንኙነት ወደ ምስጠራ የሚያሸጋግረው ትዕዛዝ) ያለ 3 አይሠራም። «ኤልዳፕስ://» ብላችሁ በ636 ፖርት ከገባችሁ ግን ስታርት-ቲኤልኤስን አጥፉት፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የሰርተፍኬት ስህተት ከመጣ በ«ሰርቨር_ሆስት» ላይ የጻፋችሁት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም መሆኑን አረጋግጡ፤ አይፒ ቁጥር ከጻፋችሁ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ስህተት 32

«ሰርች_ቤዝ» ላይ የተጻፈው ቅርንጫፍ የለም፣ ወይም አለ ግን የገባችሁበት አካውንት እንዲያየው አልተፈቀደለትም። ኦፕንኤልዳፕ የተባለው የኤልዳፕ ሰርቨር ፈቃድ የሌለውን ሰው «የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ፊደሉን ካጣራችሁ በኋላ የፈቃድ ደንቦቹን እዩ።

ሰውየው ዳይሬክተሪው ውስጥ አለ፣ ፖስትፊክስ ግን 550 ይላል

ብዙ ሰዓት የሚበላው ይሄኛው ነው። መጀመሪያ «ሪዘልት_አትሪቢዩት» ላይ የተጻፈው መስክ በሰውየው መዝገብ ውስጥ መሞላቱን እዩ። ማጣሪያው መዝገቡን ቢያገኝ እንኳ መስኩ ባዶ ከሆነ ፖስትፊክስ እንዳልተገኘ ይቆጥረዋል። ምንም ካልጻፋችሁ ነባሪው «ሜይልድሮፕ» ነው፤ ብዙ ዳይሬክተሪ ውስጥ ደግሞ ይህ መስክ የለም። «ሜይል» ብላችሁ ቀይሩት።

ሁለተኛው ቴብሉ (የኤልዳፕ ፍለጋው) የተሰካበት የፖስትፊክስ መለኪያ ነው። «ቨርቹዋል_አሊያስ_ማፕስ» ሙሉ አድራሻውን ይጠይቃል። «አሊያስ_ማፕስ» ግን ከአት ምልክቱ በፊት ያለውን ስም ብቻ ስለሚጠይቅ፣ «ሜይል=%ኤስ» የሚል ማጣሪያ (%ኤስ የሚጠየቀው ቃል የሚገባበት ቦታ ነው) እዚያ ላይ በጭራሽ አይገጥምም። ወይ ማጣሪያውን «ዩአይዲ=%ኤስ» አድርጉት፣ ወይ ቴብሉን ወደ ቨርቹዋል አሊያስ አዛውሩት። በፖስትማፕ ስትሞክሩም ቴብሉ በሥራ ላይ የሚጠየቀውን ዓይነት ቃል ስጡት፤ ሙሉ አድራሻ ሰጥታችሁ «ይሠራል» ብትሉ አሊያስ ማፕስን አልፈተሻችሁትም።

ዳይሬክተሪው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከሆነ ተጨማሪ አድራሻዎች የሚቀመጡት «ፕሮክሲአድሬስስ» ውስጥ፣ ከፊታቸው «ኤስኤምቲፒ:» ተቀጥሎባቸው ነው። ማጣሪያው ያንን ቅጥያ ካልያዘ ዋናው አድራሻ ብቻ ሠርቶ ሌላው ሁሉ ይመለሳል።

ፖስትማፕ መልሱን ያገኛል፣ ደብዳቤ ሲመጣ ግን 451

ፖስትማፕን ያስኬዳችሁት እንደ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) ነው፤ ደብዳቤ ተቀባዩ ፕሮሰስ ግን በዴቢያንና በኡቡንቱ ብዙ ጊዜ በክሩት (ፕሮሰሱ ከአንድ ፎልደር ውጭ እንዳያይ የሚያደርግ አጥር) ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ከፖስትፊክስ የስፑል ፎልደር ውጭ ያለ የሰርተፍኬት ፋይል ወይም የኤልዳፕ ሶኬት አይታየውም። መፍትሄው ቴብሉን በ«ፕሮክሲ:ኤልዳፕ:» መጥራት ነው፤ ያኔ ፍለጋውን ክሩት ውስጥ ያልገባው ፕሮክሲማፕ የተባለ የፖስትፊክስ ፕሮሰስ ያከናውንለታል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የየራሱን ግንኙነት መክፈቱም ስለሚቀር የኤልዳፕ ሰርቨሩ ሸክም ይቀልለታል። ፕሮክሲማፕ ፋይሉን የሚያነበው ግን በፖስትፊክስ ዩዘር ነው። ፓስወርዱን ለመደበቅ ፋይሉን 0600 ካደረጋችሁት መክፈት ስለማይችል፣ ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ፖስትፊክስ፣ ፈቃዱ 0640 ይሁን።

ይሠራል፣ ግን ይዘገያል

«ሰርቨር_ሆስት» ላይ ብዙ ሰርቨር ካለ በተጻፉበት ተራ ይሞከራሉ፤ የመጀመሪያው ከሞተ ነባሪው 10 ሰከንድ እስኪያልቅ መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። የሞተውን አንሱት፣ «ታይምአውት»ንም ቀንሱት። ሁሉም ሰርቨሮች ደህና ከሆኑ የኦፕንኤልዳፕን ሎግ ክፈቱ፤ «ሜይል» ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) አልተደረገም የሚል መስመር ካለ የእኩልነት ኢንዴክስ ጨምሩለት። «ዶሜይን» የሚለው መለኪያ ላይም የራሳችሁን ዶሜይኖች ጻፉ፤ ያኔ የውጭ አድራሻ በመጣ ቁጥር ዳይሬክተሪው አይጠየቅም። የአት ምልክት የሌለው ስምም አብሮ ስለሚታገድ ግን በአሊያስ ማፕስ ፋይል ላይ አትጻፉት።