አሮጌ ስፖርት መኪና ገዝታችሁ ገንዘባችሁን ማርሚታ ላይ ከመጨረሳችሁ በፊት

ሃያ ሠላሳ አመት የሆናት ስፖርት መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱን የሚያሳልፈው አንድ አይነት ነው፣ ማታ ስልኩን ይዞ ይጋደምና ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ቱርቦ፣ የኋላ ክንፍ ምናምን ሲያይ ያነጋል። እኔም አድርጌዋለሁ ስለዚህ ማንም ላይ አልፈርድም። ግን በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው አንዴ ከተሳሳተ ቀጣዩን እቃ የሚገዛው ከስንት ወር በኋላ ስለሆነ "ምን ልግዛ" ከማለቱ በፊት "ምኑ ይቅደም" ቢል ይሻለዋል። ከታች ያሉት ግማሾቹን ራሴ የሰራኋቸው ግማሾቹን ደግሞ ጓደኞቼ ሲሰሩ ቆሜ ያየኋቸው ስህተቶች ናቸው።

የታመመችን መኪና መኳኳል

ትልቁ ይሄ ነው፣ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ነው የሚወለዱት። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን እንኳን አጥታ እያለ እኛ ከፋብሪካ በላይ ልናደርጋት እንነሳለን። ማዝዳ ሚያታን ውሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ስትወጣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ነበረች፣ ጉልበቷ 115 ፈረስ ገደማ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ፣ እና ስሟን ያስጠራው መሪዋና ኩርባ ላይ ያላት አያያዝ ነው። ዛሬ አንዱ ይገዛትና "ደካማ ናት፣ ቱርቦ ይግባላት" ይላል። አሞርዛተሮቿ (የሞላውን ንዝረት የሚያበርዱት) ዘይት አፍስሰው ያለቁ፣ ጎሚኒዎቿ (የእግሯ መገጣጠሚያ ላስቲኮች) የተሰነጣጠቁ፣ ካንዴላዋ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ፣ እንዲህ ያለችውን ነድቶ ሚያታ ነዳሁ ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ምንም እቃ ከማዘዛችሁ በፊት ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) አስለኩ። ቁጥሩ ራሱ ከሞተር ሞተር ይለያያል፣ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መሀል ያለው ልዩነት ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት በላይ ወርዶ ከተገኘ እዛ ሞተር ላይ ጉልበት የሚጨምር ነገር ማሰር በሽተኛ ላይ ሸክም መጫን ነው። ከዛ ፈሳሾቹን በሙሉ ቀይሩ፣ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት፣ የዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) ዘይት፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት። ከባትሪው ወደ አካሉና ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የማሳ ሽቦዎች ፈታችሁ አጽዱ፣ አሮጌ መኪና ላይ "ጅኒ አለባት" የሚባለው የኤሌክትሪክ ችግር ብዙ ጊዜ እዛ ነው የሚገኘው።

ደግሞ የየመኪናው የታወቀ በሽታ አለ፣ እሱን ሳያውቁ ማለፍ ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 የተሰራችው ፖርሽ 944 የታይሚንግ ቺንጋዋ (ፒስቶኑንና ቫልቮቹን እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) ከተበጠሰ ፒስቶኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል፣ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌላችሁ የዛች መኪና የመጀመሪያ ማሻሻያ ቺንጋ ነው፣ ክርክር የለውም። ቢኤምደብልዩ ኢ36 ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው ነው ጉዱ፣ የራዲያተሩ አንገት ፕላስቲክ ነው፣ የአንዳንዶቹ የውሃ ፖምፓ ውስጥ ያለው መዘውርም ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀትና እድሜ ሲደመሩበት እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ ከዛ ሞተሩ ይግላል፣ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮን (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ራዲያተርና አንድ ፖምፓ አስቀድሞ መቀየር ያድን የነበረውን ሞተር ማርሚታ የገዛ ሰው ነው የሚያጣው።

ጎማን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ

መኪናዋ መንገድ የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ቦታ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ፍሬኑም መሪውም ጉልበቱም የሚሰራው በእነዛ አራት መዳፎች በኩል ነው፣ እሱ ላይ ተቆጥቦ ሌላ ላይ የወጣ ገንዘብ መንገዱ ጋ አይደርስም።

አሮጌ ስፖርት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ስለማይነዱ ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል፣ ይሄ ነው ሰው የሚሸወድበት። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው የተመረተው ማለት ነው። ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር አስር አመት ያለፈውን ጣሉት፣ ስድስት አመት ካለፈው ደግሞ በደንብ አስመርምሩት። እኔ አንዷን ስገዛ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ነበራት፣ ደስ ብሎኝ ቁጥሩን እንኳን አላየሁም፣ አንድ ቀን እርጥብ አደባባይ ላይ ቀስ ብዬ እየዞርኩ ኋላዋ ተነስቶ ፊት ለፊቴ ሊመጣ ምንም አልቀረው። አሞርዛተሩ ነው ብዬ አራቱንም ቀየርኩ። ያው ሆነች። በኋላ ቁጥሩን ሳየው ጎማው ዘጠኝ አመቱ ነበር፣ ላስቲኩ ጥፍር ብትጫኑበት የማይገባ እንጨት ሆኗል። አሞርዛተሩ አልጎዳኝም ግን ለጎማው የሚሆን ገንዘብ እስካገኝ ስንት ጊዜ ዝናብ በመጣ ቁጥር መኪናዋን አቁሜ በእግሬ ሄድኩ።

ኋላ ላይ ርካሽ ፊት ላይ ጥሩ ጎማ ማሰርም አለ፣ በተለይ እንደ ቶዮታ ኤምአር2 ሞተራቸው መሀል ላይ የሆነ መኪኖች ላይ ይሄን አታድርጉ፣ ኩርባ ውስጥ ደንግጣችሁ ነዳጅ መስጫውን በድንገት ከለቀቃችሁ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ከዛ መኪናዋ ዞራ የመጣችሁበትን ታያላችሁ።

ቸርኬውንስ? ሚያታ ስትወጣ ባለ 14 ኢንች ነበረች። 17 ስታስሩላት ልታምር ትችላለች ግን አብዛኛው ርካሽ ትልቅ ቸርኬ ከባድ ነው፣ ያ ክብደት ደግሞ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በታች ያለ ክብደት ስለሆነ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አሞርዛተሩ ይታገለዋል፣ ለማሽከርከርም ለማቆምም ጉልበት ይበላል። የጎማው አጠቃላይ ቁመት ከጨመረ ደግሞ ማርሹ ይረዝማል፣ ማለትም መኪናዋ ስትነሳ ትዘገያለች፣ ስፒዶሜትሩም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል።

ትልቅ ፍሬን መግዛት

ባለ ስድስት ፒስቶን ቀይ ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው) ከቸርኬው ውስጥ ሲታይ ልብ ይሰርቃል እሺ። ግን አሁን ያላችሁ ፍሬን በደንብ ሲረገጥ ጎማውን መቆለፍ ወይም ኤቢኤሱን (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን) ማስነሳት ከቻለ ከዛ በኋላ የሚወስነው ጎማው ነው፣ ዲስኩ ቢተልቅ ለአንድ ማቆም ርቀቱን አያሳጥረውም። ትልቅ ዲስክ የሚጠቅመው ሙቀት ለመሸከም ነው፣ ቁልቁለት ላይ ወይም ትራክ ላይ ደጋግማችሁ ስትረግጡ። በ100 ኪሎሜትር የምትሄድ መኪና በ50 ከምትሄደው አራት እጥፍ ኢነርጂ አላት፣ ያ ሁሉ ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚያልቀው።

በትንሽ ገንዘብ የሚሰራው ይሄ ነው፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ጥሩ ፓድ፣ የካሊፐሩን ተንሸራታች ፒን አጽድቶ ግሪስ መቀባት፣ ያረጁትን የላስቲክ ቱቦዎች መቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ውሃ ሲገባበት ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ሲፈላ አረፋ ይሰራል፣ እግራችሁ ስር ያለው ፔዳል ወለል ይነካል። በየሁለት አመቱ ቀይሩት በቃ። አንድ ጥንቃቄ፣ ዶት 5 እና ዶት 5.1 ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም፣ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

የውድድር ፓድ ለከተማ አትግዙ፣ እስኪሞቅ ድረስ አይዝም፣ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ትረዱታላችሁ።

ድምፅን ከጉልበት ጋር ማምታታት

ክፍት የአየር ማጣሪያ አሰሩ፣ መኪናዋ ማንኮራፋት ጀመረች፣ ፈጠነች ብለው ማሉ። ማጣሪያው ሳይሸፈን ኮፈኑ ስር ከተቀመጠ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው፣ ትኩስ አየር ደግሞ ኦክስጅኑ ቀጭን ስለሆነ ከፋብሪካው ሳጥን ያነሰ ጉልበትም ሊሰጥ ይችላል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ማጣሪያም ማርሚታም የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየርም ተደምረው የሚሰጡት ትንሽ ነው፣ 115 ፈረስ ላይ ጥቂት ፈረስ ነው የምንጨምረው። ማርሚታ ለድምፁ ከሆነ ግዙ፣ ደስታም በጀት ይገባዋል፣ ለፍጥነት ብላችሁ ግን ራሳችሁን አትሸውዱ።

ሰው የማያሰላው ክብደትን ነው። 950 ኪሎ የምትመዝን 115 ፈረስ ያላት መኪና ለአንድ ፈረስ 8 ኪሎ ገደማ ትሸከማለች፣ ከላይዋ 50 ኪሎ ብታወርዱ 6 ፈረስ እንደጨመራችሁ ቁጠሩት፣ ያውም ፍሬኑም ኩርባውም አብሮ ይሻሻላል፣ 6 ፈረስ ግን ለፍሬን ምንም አያደርግም። የኋላ እቃ መጫኛዋ ውስጥ ለአመት የተጫነውን እቃ አውርዱ፣ የማይሰራውን ትልቅ የሙዚቃ ሳጥን አውጡ፣ ቀለል ያለ ባትሪ አስገቡ። ምንጣፉንና የድምፅ መከላከያውን ሁሉ ቦጫጭቀው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ሲያወሩ እየጮሁ ነበር።

ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ) ገዝተው ማስገባት ለሚያስቡ፣ የቱርቦው ዋጋ የቱርቦው ዋጋ አይደለም። ፍሪሲዮን (ክላቹ) ይንሸራተታል፣ ነዳጅ ፖምፓው አይበቃም፣ ራዲያተሩ አይችልም፣ የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.6 ሚያታዎች ላይ ዲፈረንሻሉ ራሱ ትንሽ ስለሆነ እሱም ይሰበራል። ከፋብሪካው ቱርቦ ያላቸው ላይ ደግሞ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ርካሽ ስለሆነ ፈተናው የባሰ ነው፣ ነዳጁ ሳይስተካከል ግፊት ከጨመራችሁ ነዳጁ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከዛ ፒስቶን ነው የሚሄደው።

ሞላ ቆርጦ ማውረድ

ሞላ ሲቆረጥ ያጥራል ብቻ አይደለም፣ ይጠነክራል፣ ከመቀመጫውም ሊወጣ ይችላል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ ለዛ ቁመት ስላልተሰራ መጨረሻው ላይ እየተጋጨ ያልቃል። የባሰው ነገር በብዙ መኪኖች፣ በተለይ ፊታቸው ማክፈርሰን (ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የቆሙበት አሰራር) በሆነ ላይ፣ ከልክ በላይ ስታወርዷቸው ከክብደታቸው መሀል ይልቅ የሚጋደሉበት ነጥብ በበለጠ ይወርዳል፣ ስለዚህ ዝቅ ያለችው መኪና ኩርባ ላይ የባሰ ልትጋደል ትችላለች።

ርካሽ ኮይልኦቨር (ቁመቱ የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር) ከምትገዙ ጥሩ ኩባንያ የሰራውን ተራ አሞርዛተር ግዙ። ጎሚኒው ላይ ለመንገድ ከሆነ የላስቲኩ ይበቃል፣ ፖሊዩሬታን ጠንካራ ነው ግን ንዝረት ያስገባል፣ ግሪሱ ሲደርቅ ደግሞ እንደ አሮጌ አልጋ ይንቋቋል። አሞርዛተር፣ ጎሚኒ፣ ቴስቲና (የእግርና የመሪ ኳስ መገጣጠሚያ) አንድ ላይ ስሩና ከዛ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)፣ አንዱን ዛሬ አንዱን ከወር በኋላ ካደረጋችሁ አላይመንቱን ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

አንዱን ቦታ ሁለቴ መክፈት

የአሮጌ መኪና ወጪ አብዛኛው የእጅ ነው። ካምቢዮ ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑንም፣ የመግፊያ ኩሽኔታውንም (ቤሪንጉንም)፣ የሞተሩን የኋላ ዘይት መከላከያም አብራችሁ ቀይሩ። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2004 የተሰራችው ፖርሽ ቦክስተር 986 ሞተሯ ውስጥ በመክሸፍ ስሟ የጠፋ አንድ ኩሽኔታ አለ፣ የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ፣ እሱ ጋ የሚደረሰው ካምቢዮና ፍሪሲዮን ሲወርድ ነው፣ ፍሪሲዮን ለመቀየር አውርዶ እሱን ሳይነካ የመለሰ ሰው በኋላ ላይ ያንኑ ስራ እንደገና ይከፍላል። ታይሚንግ ቺንጋ ስትቀይሩም ወጣሪውን ኩሽኔታና የውሃ ፖምፓውን አብራችሁ። የእቃው ዋጋ ከእጁ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ሌላ ደግሞ ገንዘቡን እስከ መጨረሻዋ ድረስ እቃ ላይ የሚያውል አለ። እኔ ከያዝኩት ላይ ሲሶውን አልነካውም፣ አሮጌ መኪና ሁሌም ያላሰባችሁትን አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ አንዱን ብሎን ልትፈቱ ትሄዱና ዝጎ ይቆረጣል፣ እሱን ለማውጣት ግማሽ ቀን፣ ከስሩ ደግሞ ሻንሲው ላይ ቀለም የተቀባበት ዝገት ይወጣል። ዝገት ካገኛችሁ ሌላው ሁሉ ይቁም።

የደህንነት ነገር አጭር ልበል። ሮል ባር (ስትገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ የሚይዝ ብረት) በሌላት መኪና ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ አታስሩ፣ ጣሪያው ቢጨፈለቅ የፋብሪካው ቀበቶ ጎንበስ እንድትሉ ይተዋችኋል፣ እሱ ግን ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል። ኤርባግ ያለውን መሪ አውጥቶ ለጌጥ ሌላ መሪ ማስገባትም ያው ነው።

የወጣውን የፋብሪካ እቃ ደግሞ አትጣሉ፣ ካርቶን ውስጥ ስም ጽፋችሁበት አስቀምጡት። እኔ ኦሪጅናል ሞላዎቼን "ማን ይፈልጋቸዋል" ብዬ ለብረት ሰጠሁ፣ መኪናዋን ልሸጥ ስል ገዢው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር እነሱን ነበር፣ ፈልጌ ሳገኛቸው ዋጋቸው መጀመሪያ ከገዛኋቸው ማውረጃ ሞላዎች በልጦ ነበር።