አልነክስ ያለ ጡብ

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ቴሌቪዥን መቀመጥ ባለበት ቦታ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ሌጎ፣ ማለትም እየተገጣጠመ ቤትና መኪና የሚሰራበት የፕላስቲክ ጡብ ተደርድሯል። አንድ ጎረቤት መጀመሪያ ያየው ቀን "ይሄ ሁሉ የልጅ ዕቃ የማን ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሶስት ወር ሳይሞላ በፌስታል የተበታተነ መኪና ይዞ በሬን አንኳኳ። "እስቲ እያት፣ አልገጥም አለችኝ።"

ከዚያ ወዲህ ስንት ፌስታል እንደመጣ አልቆጠርኩም። አብዛኞቹ ይዘው የሚመጡት ግን አንድ አይነት በሽታ ነው፦ ጥብቅ ብሎ የማይይዝ ጡብ። እሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እናጠፋለን፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። ከረጢቶቹን በቁጥራቸው መክፈትን፣ መመሪያውን ገጽ ሳይዘሉ መከተልን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ጡቡ አናት ላይ ያሉትን ክብ ክብ እብጠቶች "ጉጥ" እላቸዋለሁ። ጡብ ጥብቅ ብሎ ሲይዝ "ነከሰ" ነው የምንለው።

ምልክት፦ ሁለት ስስ ፍሬዎች ተጣብቀው አይላቀቁም

ጥርሳችሁን ተዉት። ቢላዋውንም ተዉት። ብዙ ካርቶን ውስጥ ማላቀቂያ ይገኛል፤ እሱ ከጠፋባችሁ አንድ ወፍራም ጡብ ከላይኛዋ ስስ ፍሬ ላይ፣ ሌላ ወፍራም ጡብ ከታችኛዋ ስር ግጠሙና ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ አጥፉ። ትለቃለች። ከሳልቫጅ የሚመጣው ሌጎ ዳርና ዳሩ የጥርስ ምልክት የበዛበት ነው። የፈረንጅ ልጅም ጥርሱን አይሰስትም ማለት ነው።

ምልክት፦ በአንድ ጉጥ ይበልጣል ወይም ያንሳል

ስህተቱ እዚህ ገጽ ላይ አይደለም። ሃያ ወይም ሰላሳ እርምጃ ወደ ኋላ አንዲት ፍሬ በአንድ ጉጥ ተንሸራታለች። በጉልበት አትጫኑ። ጉጥ እየቆጠራችሁ ተመለሱ።

መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ መገጣጠምም ይቅር። ጥቁር፣ ጥቁር ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ በዚያ ብርሃን አንድ ናቸው። አንድ ማታ እልህ ይዞኝ የመኪና ጎማ ማሰሪያ በስልክ ብርሃን ጨረስኩ። ጠዋት ስገፋው አይንቀሳቀስም። ጥቁሯ ትንሽ የፕላስቲክ ሚስማር ለማጥበቅ የተሰራች ናት፤ በነጻነት የምትዞረው ግራጫዋ ነች። ስድስቱንም በጥቁር ሞልቼዋለሁ። መኪናው እስከ አጥንቱ ፈረሰ።

ምልክት፦ ጡቡ አይነክስም፤ ግድግዳው ሆድ ያወጣል፤ ጣሪያው አይቀመጥም

አሁን ወደ ዋናው መጣን።

መጀመሪያ ጡብ ለምን እንደሚነክስ እንይ። ሙጫ የለውም፣ ማግኔት የለውም። ከአንዱ ጉጥ መሃል እስከ ሚቀጥለው ጉጥ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት ያለ ጉጡ 9.6 ሚሊ ሜትር። ስሷ ፍሬ 3.2 ናት፤ ሶስቱ ሲደራረቡ ልክ አንድ ጡብ ይሆናሉ። ጉጡ ከሚገባበት ቦታ የጸጉር ያህል ይሰፋል። ስትጫኑት ከላይ ያለው ጡብ ግድግዳና ከውስጡ ያለው ቱቦ ትንሽ ይለጠጣሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይጨብጡታል። ያቺ መልሶ መጨበጥ ናት ንክሻው። የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ ይህን ባለ ቱቦ አሰራር በባለቤትነት ያስመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልኩን ስላልቀየረው የዚያ ዘመን ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ ንክሻ ጠፋ ማለት ወይ ልኩ ተዛብቷል፣ ወይ ፕላስቲኩ መልሶ መጨበጡን ረስቷል፣ ወይ መሃል ላይ ቆሻሻ ገብቷል። ከአስር ፌስታል ሰባቱ ስምንቱ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፦ ኮፒ ከኦርጅናል ጋር ተቀላቅሏል።

ሶስተኛ ፎቅ ያሉ ጋሼን ልንገራችሁ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው የጀመሩት፤ ውጭ ያለችው ልጃቸው አንድ ትልቅ የእሳት አደጋ ጣቢያ ላከችላቸው። አንድ ቀን ማታ በሬ ተንኳኳ። "ና እስቲ ውረድ፣ ጣሪያው እምቢ አለ።" ወረድኩ። ጠረጴዛው ላይ ጣቢያው ቆሟል፤ ከጎኑ የሙቀጫው ዘነዘና።

"ጋሼ፣ ዘነዘናው ምን ሊያደርግ ነው?"

"ቀስ ብዬ መታ መታ ሳደርገው ይገባል ብዬ።"

ዘነዘናውን ወደ ጓዳ መለስን። ጣቢያውን ወደ መስኮት አዙሬ ዓይኔን በግድግዳው ልክ ዝቅ አድርጌ አየሁት። የግራው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የቀኙ መሃል ላይ እንደ ደረሰች እርጉዝ ወጣ ብሏል፣ ከላይ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ጥፍሬን በጡቦቹ መጋጠሚያ ላይ ሳንሸራትተው አንዳንዱ ጋ ይይዘኛል። ከዚያ ጉጦቹን አየሁ። ጉጡ ሁሉ አናት ላይ የኩባንያው ስም በጣም ደቃቅ ሆኖ ተጽፏል፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ይታያል። አንዷ ቀይ ጡብ ግን ባዶ ናት። ቀጥሎ ሌላ ባዶ።

"ጋሼ፣ ይቺ ከየት መጣች?"

ዝም አሉ። ከዚያ ሳቅ አሉ። "ፍሬ የጎደለ መስሎኝ፣ ከልጅ ልጄ ላይ ሞላሁት።"

የልጅ ልጃቸው ያለው ከሱቅ በርካሽ የተገዛ ኮፒ ነው። ቀለሙ ይመሳሰላል፣ ይገጥማልም። ችግሩ መግጠሙ ነው። ጭራሽ ባይገጥም ኖሮ ወዲያው ይጥሉት ነበር። አንዷ ኮፒ በቁመት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ብቻ ትበልጣለች እንበል። ዓይን አይለየውም። ሃያ ድርድር ሲወጣ ግን የኦርጅናሉ ጎን 192 ሚሊ ሜትር፣ የኮፒው ጎን 194 ይሆናል። በጡብ ዓለም ሁለት ሚሊ ሜትር ገደል ነው። በስፋት ከበለጠች ደግሞ ጎረቤቶቿን ትገፋለች፤ ግድግዳው ሆድ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጣሪያው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ አስራ አምስት ድርድር ከስሩ ነው ያለው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ጣሪያውን ነው የሚደበድበው።

ሁለት ማታ ፈጀብን። ጋሼ ሚስታቸውን ለምነው ሰፌድ አመጡ። ሰፌድ ላይ ስትዘረግፉት ፍሬው አይንከባለልም፣ አቧራው በስንጥቁ ይራገፋል፣ በእጅ መለየትም ይቀላል። አስር ባዶ ጉጥ አወጣን። ጣሪያው ያለ ምንም ጉልበት "ጠቅ" ብሎ ተቀመጠ።

እናንተም ተጠራጠራችሁ እንበል። ጉጥ የሌላት ፍሬ ከሆነች ገልብጡና ከውስጥ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ ላይ ጽሁፍ ወይም ቁጥር አለ። ያም ካላሳመናችሁ አስር የምታምኗቸውን ጡቦች ደርድሩ፣ አስር የምትጠረጥሯቸውን ከጎናቸው ደርድሩ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ጥፍራችሁን ከአንዱ አናት ወደ ሌላው አሳልፉ። መለኪያ መሳሪያ መግዛት አያስፈልግም። ጥፍር አይዋሽም።

ኮፒ ጠላት ነኝ እንዳትሉኝ። ሙሉ በሙሉ ኮፒ የሆነ ባቡር አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ንቅንቅ አላለም። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ኮፒ እርስ በርሱ ይስማማል። የማልችለው ድብልቁን ነው። ሰርገኛ ለጤፍ ይሁን። ከመርካቶ በኪሎ የሚሸጠውን ሳልቫጅ የምትገዙ ደግሞ ከመስራታችሁ በፊት ለዩ፤ ለዩ፤ አሁንም ለዩ። አንድ ሰፌድና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። የጎደለ ፍሬ ከሌላ ሳጥን አትሙሉ። ከሞላችሁም ከማን እንደወሰዳችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ከለገጣፎ አካባቢ አንዲት እህት ሁለት ኪሎ ያህል ይዛ መጣች። ሁሉም ኦርጅናል፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ፣ አንዱም አይነክስም። ሁለት ጡብ ገጥሜ ወደ ላይ ሳነሳ የታችኛው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። "ምን አደረግሽው?" አልኳት። "የልጅ ለሃጭ ነክቶታል ብዬ እንደ ጡጦ ቀቀልኩት።"

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ይበቃል። ጡቡ የሚሰራበት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ይስታል፣ ሲበርድ መልሶ የመጨበጥ ነገር ቀርቷል። መድኃኒት የለውም። ለጌጥ፣ ለመሬት ንጣፍ ታውሉት እንደሆን እንጂ ግድግዳ አይሆንም። እሷ ላይ የደረሰውን ሌላ አራት ሰው ላይ አይቻለሁ፤ አንደኛው በካውያ እንፋሎት ሞክሯል። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አስተጣጠባችሁ እንዲህ ይሁን፦ ኩባንያው ራሱ ከ40 ዲግሪ አትለፉ ይላል። ህጻን የምታጥቡበት ውሃ፣ ክርናችሁን ነክራችሁ የማያቃጥላችሁ። ላርጎ ጠብ ይበቃል። ደቃቆቹን የሽንኩርት መረብ ውስጥ ጨምሩና ሳፋ ውስጥ አገላብጡ፤ ያለዚያ ግማሹ በቱቦ ይሄዳል። በረኪና አይገባም። ቤንዚን አይገባም። አሴቶን ደግሞ ፈጽሞ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ማለቴ ነው፣ ጉጡን እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል። ስቲከር ያለበትንና ሞተሩን አትንከሩ። ስታደርቁ ፎጣ ላይ፣ ጉጡ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጥላ ውስጥ። ቆርቆሮ ላይ አይደለም! ምጣድ ክዳን ላይ አይደለም! የጸጉር ማድረቂያም አይደለም።

ሶስተኛው አቧራ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት የእኛ ሰፈር ንፋስ መስኮት ቢዘጋም ይገባል። ከወጥ ቤት ከሚመጣው የዘይት እንፋሎት ጋር ሲቀላቀል ጉጡ ላይ ቀጭን ቅባት ይሰራል። ጡቡ ይነክሳል ግን ያንሸራትታል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ በሳምንት አንዴ፤ ቅባት ከያዘ ከላይ እንዳልኩት እጠቡ። መደርደሪያውን ከወጥ ቤት በር ፊት ለፊት አታቁሙ።

እና ሱፐር ግሉ። አልነክስ ያለውን ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ሱፐር ግሉ ይቀባዋል። የተጣበቀ ሌጎ ቅርጽ እንጂ ሌጎ አይደለም። ሱፐር ግሉ የነካው ከሆነ ፌስታሉን ሳትፈቱ ይዛችሁ ተመለሱ።

ምልክት፦ ነጩ ቢጫ ሆነ

ፀሐይ ናት። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ቀልድ አይደለም፤ መስኮት ዳር ያስቀመጣችሁት ነጭ ቀስ በቀስ የቅቤ ቀለም ይይዛል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ነክሮ ለሰዓታት ቀን ብርሃን ላይ ማቆየት ነጭነቱን ይመልሳል። ጓንት አድርጉ፣ ከልጅ አርቁ፣ ስዕል የታተመበትን አትንከሩ። ወደ መስኮቱ ከመለሳችሁት ተመልሶ ይቢጫል።

ምልክት፦ ቡናማው ሲነካ ይሰበራል

ከ2010 እ.ኤ.አ. ግራና ቀኝ ባሉ ዓመታት የወጡ ቡናማና ጥቁር ቀይ ፍሬዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የእናንተ ጥፋት አይደለም። አትፍቱት፣ እንዳለ ይቀመጥ።

ምልክት፦ ስቲከሩ ተጣመመ

ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን ላርጎ ጠብ ባለበት ውሃ በትንሹ አርጥቡ። ተንሸራቶ ይስተካከላል፤ ከዚያ በጨርቅ ተጫኑት።

ምልክት፦ ፍሬ ጎደለ

አዲስ ካርቶን ከሆነ ብዙ ጊዜ አልጎደለም። ከረጢቱን ገልብጣችሁ ጥጉን ፈትሹ፤ ስስ ፍሬ ጥግ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቀጥሎ የሶፋውን ስር፣ ቀጥሎ የካልሲያችሁን ታች። የምር ከጎደለ ኩባንያው በድረ ገጹ ጠይቃችሁት ይልካል፤ ውጭ ያለ ዘመድ አድራሻ ስጡ፣ ሰው ሲመጣ ይዞላችሁ ይመጣል።

የጋሼም ጎደለ የተባለው አልጎደለም ነበር። ፍሬዎቹ ከረጢቱ ጥግ ላይ ተገኙ። ባለፈው እሁድ አስሩን ኮፒ በፌስታል ቋጥረን ለልጅ ልጃቸው መለስን። ልጁ ምንጣፉ ላይ ዘረገፋቸውና በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

"አስራ አንድ ነበሩ" አለ።

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ ጠዋት ያሉኝን አስታወስኩ፦ የጣቢያው የመኪና በር ሲዘጋ ትንሽ ይፋተጋል ብለውኝ ነበር።